ስምሽን ለማንም አልሰጠሁም

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ድፍን ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነ። ደብዳቤውን ስጀምር ሰላምታው አስቸገረኝ። ጤና ይስጥልኝ እንዳልልሽ ከሕመምሽ አርፈሻል፤ እንደምን ከርመሻል እንዳልልሽ መልሱን ይዞልኝ የሚመጣ መንገደኛ የለም። እንግዲህ እንደ ልማድሽ ላድርገው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከንፋስ መውጫ ስመጣ ገና ከደጃፉ ሳለሁ የምትነግሪኝ መጀመሪያ የከብቱን፣ ቀጥሎ የእህሉን፣ በመጨረሻ የሰዉን ነበር። በዚያው ተራ ልንገርሽ።

ቦራዋ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንስት ናት፣ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ አለባት። ከብቱ ስንት ደረሰ ብለሽ እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ እኔም አልቆጠርኩም። እርሻውን ጎረቤታችን በእኩል ይዞታል። ገብሱ ዘንድሮ ውርጭ ሳይነካው ደርሶ ተወቅቷል፣ ባቄላው ግን እንደ ነገሩ ነው። የጓዳው ቆርቆሮ ሚስማሩ ለቆ በነፋስ ሲንኳኳ ከረመ፤ አስመታሁት። ውሻሽ አሁንም መደብሽ ሥር ካልሆነ አይተኛም። ሰዉ ደህና ነው፤ ይጠይቁሻል፣ ማለቴ፣ ያነሱሻል።

ይሄ ሁሉ ግን ለመግቢያ ነው። የምጽፍልሽ ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው የዞርኩት ነገር ስለ ወረደልኝ ነው። ዋሽቼሽ ነበር፣ እማዬ። ልታርፊ ስድስት ቀን ሲቀርሽ ዐይን ዐይኔን እያየሽ የጠየቅሽኝን ዋሽቼ መለስኩልሽ። ያንን ውሸት ተሸክሜ ቀበርኩሽ፤ ያንኑ ተሸክሜ አርባሽን አወጣሁ። አሁን ቀሎኛል። እንዴት እንደ ቀለለኝ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ ምናልባትም ከእኔ ቀድመሽ ስቀሽ ጨርሰሻል።

ከሥሩ ልጀምር። አንቺ ገመናሽን የምትሸሽጊ ሴት ነበርሽ። የተቆረጠ ጥፍሬን ከአጥሩ ሥር ታስቀብሪኝ ነበር። ስታበጥሪኝ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልለሽ በግድግዳው ስንጥቅ ትወትፊዋለሽ። ከቀበሌ መዝጋቢ መጥቶ ስንት ኩንታል እህል አገኘሽ ሲልሽ «በልቶ ማደሪያ» ትዪዋለሽ፤ በጉስ ስንት ነው ሲልሽ «እግዜር የሰጠኝን ያህል»። ሰውየው እስክሪብቶውን እንዳነሳ የሚጽፈው ጠፍቶት ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ሻሽሽን በሰው ፊት ፈትተሽ አታውቂም፤ አባቴ ራሱ ፀጉርሽን በቀን ብርሃን አይቶት እንደሆነ እንጃ። እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ከተቀጠርኩ ጊዜ ጀምሮ ደግሞ የአገሩ ሰው በሽታ በእጄ ሲያልፍ፣ እከሌ ምን ሆኖ መጣ ብለሽ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲዳዳው ቀድመሽ ትመልሺልኝ ነበር፦ «እሷ መደርደሪያ ነው የምታይ፤ ሰው አታይም።»

ከሁሉ የባሰው ግን የክርስትና ስምሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጽዋ አብረውሽ የጠጡ ሴቶች አያውቁትም። ለመምሬ ለጸሎት ስትሰጪ በነጠላሽ ጆሯቸውን ከልለሽ ነበር። ስም በክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ትዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተምሬያለሁ ብዬ በሆዴ እስቅብሽ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ የጓደኞቼ እናቶች ስማቸውን ለልጆቻቸው ነገሩ፣ አንቺ ለእኔ ለምን አትነግሪኝም ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩብሽ። በሦስተኛው ቀን ከጎታው ጀርባ ወሰድሽኝ፣ ማተቤን አስይዘሽ አስማልሽኝና በጆሮዬ ነገርሽኝ። ከጎታው ጀርባ ስወጣ ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ባል አላገኘሁም እንጂ ባገኝ ለእሱም አልነግረውም ነበር።

ከዚያ ታመምሽ። ከደብረ ታቦር ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰጃት ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፤ የስንቱን እንዲህ ያለ ካርድ በእጄ መልሼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት አንድ የጸሎት ገጽ መጣብኝ። ባሕታዊ ነኝ የሚል ሰው ነው፤ ጢሙ ረጅም፣ መስቀሉ ትልቅ። የታማሚውን የክርስትና ስም፣ ሕመሙን፣ የምትኖሩበትን ቦታ፣ ስልካችሁንና አንድ ፎቶ ላኩ፣ ሱባዔ ገብተን እንጸልያለን ይላል። ከሥሩ ሰው እንደ ጉድ ጽፏል። ወለተ እገሊት ኩላሊቷን፣ ኃይለ እገሌ ዐይኑን፣ ሁሉም በየስሙና በየበሽታው፣ ከየአገሩ። እንደኔ የጨነቀው ብዙ መሆኑን ሳይ ልቤ ተከፈተ። የልጅነት መሐላዬን ረስቼ ሁሉንም ጻፍኩት። ያን ሰሞን ለሐኪሙ ዐይንሽ ቢጫ መሆኑን ለማሳየት ያነሳሁትን ፎቶ ከሥሩ አደረግኩ። ሻሽሽ በትኩሳቱ ወልቆ ትራሱ ላይ ወድቆ ነበር፤ እኔ ግን በዚያን ሰዓት ያየሁት ቢጫውን ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን የሚል መዓት ሰው ተሰለፈ። አልዋሽሽም፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የማላውቀው አገር ሁሉ አብሮኝ የሚያስታምምሽ መሰለኝ።

በሳምንቱ፣ አጥሚት እያጠጣሁሽ ሳለ ጽዋውን በእጅሽ ገፋ አደረግሽና ጠየቅሽኝ። «ስሜን ለማንም አልሰጠሽም አይደል?» አልሽ። እኔም ፈጥኜ «ለማንም አልሰጠሁም» አልኩሽ። ከንፈርሽ በአንድ በኩል ብቻ ትንሽ ፈገግ አለ። «ጎሽ» አልሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳው መለስሽ። እኔ ያንን ፈገግታ ያመንሽኝ ፈገግታ ነው ብዬ ወሰድኩት፤ ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

የቀብርሽን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ፍትሐቱ ውስጥ ሲደረስ እኔ ከውጭ ሴቶች በሁለት በኩል ይዘውኝ ነበር፤ ከራሴ ጩኸት በቀር የሰማሁት የለም። በአርባሽም ቀን ከድስትና ከሰሃን መሀል ነበርኩ። መምሬ ስምሽን ስለሚያውቁት ማንም ከእኔ አልጠየቀም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ በመጣ ሰሞን፣ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ከስማዳ ነው የምደውል አለችኝ። ረጅም ሰላምታ ሰጠችኝና እንኳን እናትሽን ማረልሽ አለችኝ። የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ልዘጋው ስል ስለ ልጇ ነገረችኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ሆዷን ታማለች፣ ሐኪም መድኃኒት አዞላታል፤ «እኔ ደግሞ እናትሽ መድኃኒቱን ጥላ በዚያ አባት ጠበል መዳኗን በስልክ አይቼ፣ የእኔም ልጅ መድኃኒቱን ትጣል ወይ ብዬ ከአንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነው» አለችኝ። «እናቴ ሞታለች፣ እህቴ» አልኳት። ከዚያ የማታውቀኝ ሴት፣ የራሷን ጭንቅ ትታ፣ በስልኩ ውስጥ ላንቺ አለቀሰችልሽ። መድኃኒቱን እንዳታስጥላት፣ ወደ ሐኪሙም እንድትመልሳት አስምዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ገጹን ከፈትኩት። አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ያው ፎቶ ነው፤ ፀጉርሽ ተገልጦ፣ ዐይንሽ ገርበብ ብሎ። ከበላይሽ «ሐኪም የተዋት እናት ዳነች» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥርሽ ስሙ በቀይ፣ ከስሙ ሥር የእኔ ስልክ ቁጥር። ሰው እየተቀባበለ ለስንቱ አድርሶታል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ በሁለት መደርደሪያ መሀል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሰዉን ሁሉ ካርድ ቆልፌ ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ የምዞር ሰው፣ የእናቴን አደባባይ ላይ ሰቅዬው ነበር። ያንቺ ስም ብቻ ቢሆን ምናልባት እንዳለቀስኩ እቀር ነበር። ግን አንዲት ልጅ በአንቺ ፎቶ መድኃኒቷን ልትጥል ነበር።

ያገኘችኝ ብርቱካን ናት። ብርቱካን መረጃ ክፍል አብራኝ የምትሠራ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ቤት መጥታ ምላሷ የተሳለ ነው ያልሽኝ እሷን ነው። ስሟን እዚህ ልጻፈው ወይ ብዬ አስፈቅጃታለሁ፤ የአባቴን እንዳትጨምሪ ብላኛለች። መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ አሁን የማልጽፈው ስድብ ነው። ከዚያ ከመሬት አነሳችኝና ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፣ ተነሺ እንጩህ አለች።

መጀመሪያ እኔ የጻፍኩትን ነው ያጠፋነው። ስልኩ ውስጥ ለካ ከተጠቀምኩበት ቀን ጀምሮ የጻፍኩት፣ ያየሁት፣ የወደድኩት ሁሉ ተዘርዝሮ የሚገኝበት ቦታ አለ። እኔ የረሳሁትን ሁሉ እሱ ይዞታል። ለሰው የጻፍኩትን ነፍስ ይማር፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ደግሞ አንዴ በንዴት የጻፍኩትን ስድብ እያለፍን ወደ ታች ወረድን። አንቺ ጋ ስንደርስ ብርቱካን ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። አጥፋ የሚለውን ስነካው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ስጽፈው ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዬ ተናደድኩበት።

ቀጥላ የሄድኩበትን ሁሉ የሚይዘውን አሳየችኝ። ካርታ ላይ በመስመር አስቀምጦታል፤ ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ገበያ፣ ያኔ አንቺን ይዘን ደብረ ታቦር የሄድንበትን፣ የተመለስንበትን። የቀብርሽም ቀን አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጎ ሦስት ሰዓት ቆይተሻል ይላል። ብርቱካን ወደ ፊት እንዳይመዘግብ ዘጋችውና የድሮውንስ ልደምስሰው አለችኝ። ቆይ አልኳት። ያቺን ነጥብ ብዙ አየኋት። በሳምንቱ ግን ራሴ ደመሰስኳት፤ መቃብርሽን ለማግኘት ስልክ አያስፈልገኝም።

የሰውየው ገጽ ግን ከእጃችን ውጪ ነበር። ለራሱ ብጽፍለት መልስ ሳይሰጥ ዘጋብኝ። ገጹ ላለበት ድርጅት አመለከትን፤ ሕጋችንን አይጥስም የሚል መልስ መጣ። እንደገና አመለከትን፣ ያው መልስ። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ከእንግዲህ ስልክም ይጨመርበት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ብርቱካን ሌላ ቅጽ አገኘች። የሞተ ሰው ፎቶ ሲሆን የቅርብ ዘመድ ማመልከት ይችላል፣ መሞቱን የሚያሳይ ወረቀት ግን ይፈልጋል።

ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሞት ምስክር ወረቀትሽን አወጣሁ። ጸሐፊው ለምን ጉዳይ ነው ቢለኝ፣ ከስልክ ላይ ለማውረድ ነው አልኩት፤ ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን እንዲሁ ፎቶ አንስቼ ልልከው ስል ብርቱካን እጄን ያዘችኝ። የሐኪም ፕላስተር እየቆረጠች የመታወቂያ ቁጥርሽን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የእኔን ፊርማ ሁሉ ሸፈነችው፤ ያልጠየቁሽን ለምን ትሰጪያለሽ አለችኝ። ያኔ ካዘንኩ ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ለመዝጋቢው ስትመልሺ ትዝ ብለሽኝ ነው። አንቺ መደብ ላይ ተቀምጠሽ የሠራሽውን እሷ በፕላስተር እየሠራችው ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት፣ ገና በሽተኛ ሳይሰለፍ ስከፍተው ባዶ ነው። ይዘቱ አልተገኘም ይላል። መልሼ ከፈትኩት፣ አልተገኘም። ለብርቱካን ላሳያት ስሮጥ የካርድ ክፍሉን በር ሳልቆልፍ ሄጄ ኃላፊው ተቆጡኝ፤ ቁጣቸውም ደስ አለኝ። ቀድሞ ያወረደው ሰው በስልኩ ይዞት ይሆናል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ምንጩ ደርቋል። ሻሽሽን መልሼ ያሰርኩልሽ ያህል ተሰማኝ። ቁጥሬን ቀየርኩ፣ አዲሱንም መጀመሪያ የሰጠሁት ለስማዳዋ ሴት ነው።

ስሙ ግን ከሆዴ አልወጣም። ከስልኩ ቢጠፋም ያ ሁሉ ሕዝብ አንብቦታል። የዋሸሁሽም ውሸት በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ገብቼ እንዳላጠፋው። ቅዳሜ ቤት ስገባ መደብሽን ለማየት አፍር ነበር፤ ከግድግዳው በኩል ያ ፈገግታሽ ይመጣብኛል።

ዓመትሽ ሲደርስ ስለ ሙት ዓመቱ ለመነጋገር መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ስምሽን በአፌ ማውጣት ስላልደፈርኩ በትንሽ ወረቀት ጽፌ፣ አጥፌ፣ እንዳንቺ በነጠላዬ ከልዬ በእጃቸው አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ንስሐ ልገባ ነበር ሐሳቤ። መነጽራቸውን አወጡ፣ አነበቡ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ይኼን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እሷው ናት፣ አባ። ልጅ ሳለሁ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ይኼ የእናትሽ ስም አይደለም» አሉ። «የእናቷ ነው። የአያትሽ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ገጹን፣ ፎቶውን፣ የጠየቅሽኝን፣ የዋሸሁሽን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ በሕመምሽ ጊዜ ሊያቆርቡሽ ሲመጡ ያልሻቸውን ነገሩኝ። እንዲህ ብለሻቸዋል፦ «ልጄ የዋህ ናት፣ መምሬ። ሲጨንቃት ለማንም ታወጣዋለች። እንግዲያማ የምታወጣው የእናቴን ይሁን። እሷን ከእንግዲህ ማን ይጎዳታል? የጸለየ ካለም ለነፍሷ ነው።»

እማዬ፣ አየሽ ወይ ምን እንዳደረግሽኝ? ያ ሁሉ አሜን፣ ያ ሁሉ ከየአገሩ የተሰለፈ ሕዝብ፣ ሳልወለድ ለሞተች አያቴ ነው የጸለየው። ካረፈች ሠላሳ ዓመት አልፏት ላንቺ ሕመም ሱባዔ ተያዘላት። እሷም ካለችበት ይሄ ሁሉ ሰው በየት አወቀኝ ብላ ተደንቃ ይሆናል። ያ ባሕታዊ ነኝ ባይም በቀይ ቀለም አድምቆ የጻፈው ስም ያንቺ አልነበረም። እሱን ሳስብ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። መምሬ ግን ሲስቁ ቆይተው በመጨረሻ ኮስተር አሉና፣ ስሙ ቢተርፍም ውሸቱ ውሸት ነው ብለው ስግደት ሰጡኝ። ሰግጄ ጨርሻለሁ፤ ጉልበቴን እስከ ዛሬ ያመኛል።

መንገዱን ሁሉ ያ ፈገግታሽ መጣልኝ። በአንድ በኩል ብቻ የሆነው። ታውቂ ነበር። ሰው ነግሮሽ ይሁን፣ ልጅሽን ስለምታውቂ ይሁን፣ እኔ ስዋሽ ታውቂ ነበር፤ ጎሽ ያልሽኝም እየሳቅሽብኝ ነበር። እኔ ዓመት ሙሉ ያለቀስኩበትን ነገር አንቺ ስቀሽበት ነው ያረፍሽው።

ትንሽ ከፋኝ ደግሞ፣ ለምን ልደብቅሽ። ልጅሽ አይደለሁም ወይ፣ ለእኔም ትደብቂያለሽ ወይ ብዬ አንድ ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። ለሞተ ሰው ማኩረፍ ከባድ ነው፤ የሚያባብል የለም። ሰኞ ካርድ ስደረድር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺም ስለ ሰው በሽታ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም ነግሬሽ አላውቅም፤ አንድም ቀን ለዚህ ተቀያይመን አናውቅም። ለእያንዳንዳችን የምንችለውን ያህል ነው የምታሸክሚን። በዘጠኝ ዓመቴ የማልችለውን አልሰጠሽኝም፤ አሁን ሳየው በሠላሳ ሦስት ዓመቴም አልቻልኩም።

በሙት ዓመትሽ ቀን ስልኬን ቤት ትቼ ወጣሁ። ያቺ የስማዳ ሴት፣ በስልክ ያለቀሰችልሽ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። አልጠራኋትም ነበር፤ ቀኑን አንድ ጊዜ ነግሬያት ይዛው ነው። ልጇንም ይዛ ነበር። ልጅቱ ቀጭን ናት፣ ገና መድኃኒት ላይ ናት፣ ግን በእግሯ መጥታለች። ዝክርሽን ስትበላ እናቷ ከእጇ ላይ ዐይኗን አልነቀለችም፤ እኔም እንደዚያው።

ከዚያ ፍትሐቱ ተጀመረ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። መምሬ ነፍስሽን ሲያነሱ ስምሽን ጠሩት፤ የራስሽን፣ እውነተኛውን፣ እኔ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁትን። አንቺን እንዴት እንደሚመስል በነገርኩሽ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝና ነጠላዬን በአፌ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ትከሻዬን እየደባበሱ አይዞሽ፣ በቃ፣ ዓመት ሆናት አሉኝ። እየሳቅኩ ነው ብዬ አላስረዳኋቸውም።

እዚያ የቆመ ሁሉ ስምሽን ሰምቷል፤ እሱ ግን ሊጸልይልሽ በእግሩ የመጣ ሰው ነው፣ አንቺም አትቀየሚውም። ይህን ደብዳቤ ግን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ስለዚህ አልጽፈውም። የአያቴንም አልጽፈውም፣ ለእሷም በቂ ሰው ጸልዮላታል። በየዓመቱ በዚያው ቀን ስምሽ በመምሬ አፍ ይጠራል፣ እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ ውጪ ያለውን በሆዴ እይዘዋለሁ። እግዜር ፈቅዶ ሴት ልጅ ከወለድኩና ሦስት ቀን ካለቀሰችብኝ፣ ከጎታው ጀርባ ወስጄ፣ ማተቧን አስይዤ በጆሮዋ እነግራታለሁ። የማንን ስም እንደምነግራት ግን ገና አልወሰንኩም።

አሁን ብትጠይቂኝ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ማዞር አያስፈልግሽም። ዐይንሽን እያየሁ እመልስልሻለሁ፣ እማዬ። ስምሽን ለማንም አልሰጠሁም።

ልጅሽ፣
የእኔን ስም አንቺ ታውቂዋለሽ።